የተረት ዓለም በትንሽ መድረክ

ቴአትር በተባለ ቁጥር የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚያመራው ወደ ትልልቁ አዳራሽ፣ ወደ ታወቁት ተዋንያንና በየአደባባዩ ወደሚሰቀለው ባለቀለም ማስታወቂያ ነው። ቀን በጽሕፈት ቤት፣ በማስተማሪያ ክፍል ወይም በሱቅ ሲሠሩ ውለው ማታ ማታ እየተሰበሰቡ ተውኔት የሚያጠኑ፣ ለዚህም ደመወዝ የማይቈረጥላቸው፣ ስማቸውም ከሰፈራቸው አልፎ የማይሰማ ሰዎች መኖራቸውን እምብዛም አናስብም። እነዚህን ሰዎች «አማተር» ብለን እንጠራቸዋለን፤ ቃሉም በአፋችን ውስጥ «ገና ጀማሪ፣ ያልበሰለ» የሚል የንቀት ቃና አግኝቷል። ነገር ግን ከፈረንሳይኛ የመጣው ይህ ቃል ሥሩ በላቲን «መውደድ» የሚለው ግሥ ነው። ስለዚህ አማተር ማለት ወዳድ፣ አንድን ነገር ለፍቅሩ ብሎ የሚሠራ ሰው ማለት ነው።

የዛሬው አርእስታችን እነዚሁ ወዳዶች ከሚሠሯቸው ነገሮች መካከል አንዱን ብቻ የሚመለከት ነው፤ ይኸውም አስቂኝ የተረት ተውኔት ነው። አውሬ የሚናገርበት፣ ሙት የሚመለስበት፣ ሞት ራሱ ሰው መስሎ ደጅ የሚያንኳኳበት ቧልት ለሕዝብ ሲቀርብ «ይህማ የልጆች ጨዋታ ነው፤ ስንት ቁም ነገር እያለ በዚህ ጊዜ ማጥፋት ምን ይባላል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው የሚናቅ አይደለምና መልስ ይገባዋል።

እኔ እንደሚመስለኝ፣ አንድ ማኅበረሰብ በራሱ ላይ ለመሣቅ ከሚያገኛቸው መንገዶች ሁሉ ወጪው አነስተኛ፣ ነጻነቱም ሰፊ የሆነው ይኸው የአማተሮች የተረት መድረክ ነው። ይሁን እንጂ ይህ መድረክ በሕይወት እንዲኖር ሦስት በሮች ሊከፈቱለት ያስፈልጋል። አንደኛው የአዳራሽ በር ነው፤ ሁለተኛው የደራሲ ፈቃድ ነው፤ ሦስተኛው የሚሣቅበት ሰው ሆደ ሰፊነት ነው። ከሦስቱ አንዱ ከተዘጋ ሁለቱ ተከፍተው መቆየታቸው ብዙም አይረዳም። ይህን ለማስረዳት አንድ ምሳሌ ከእንግሊዝ አገር፣ አንድ ደግሞ ከራሳችን ታሪክ አመጣለሁ። የውጭ አገሩ ዓመተ ምሕረት በፈረንጆች አቆጣጠር፣ የአገራችን ደግሞ በራሳችን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

የአቢንግደን ወዳዶች

ከኦክስፎርድ ከተማ በስተደቡብ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በቴምዝ ወንዝ ዳር የምትገኝ አቢንግደን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በዚች ከተማ በጥንት ዘመን እጅግ የታወቀ ገዳም ነበረ፤ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ገዳማቱን ሲያፈርሱ ይህም በ1538 ተዘጋ። ከፈረሱት ሕንፃዎች ከተረፉት ክፍሎች አንዱ በ1953 ወደ ቴአትር ቤትነት ተለወጠና «ዩኒኮርን» የሚል ስም ተሰጠው። ትልቅ አዳራሽ አይደለም፤ የሚይዘው መቶ ያህል ሰው ነው። በዚህ ጠባብ መድረክ ላይ ከሚጫወቱት መካከል ስቱዲዮ ቲያትር ክለብ የሚባል የአማተሮች ማኅበር ይገኝበታል።

የማኅበሩ አባል የሆነው ስቲቨን ብሪግስ በ1991 አንድ ልብ ወለድ መጽሐፍ ወደ ተውኔት ለውጦ ከጓደኞቹ ጋር አቀረበ። መጽሐፉ ቴሪ ፕራቼት የተባለው እንግሊዛዊ በ1988 ያሳተመው «ዊርድ ሲስተርስ» ነው፤ ትርጉሙም «ዕጣ ነጋሪዎቹ እኅትማማቾች» ወደሚለው ይጠጋል። ፕራቼት በጋዜጠኝነት ሥራ የጀመረ፣ ኋላም በአስቂኝ የተረት ልብ ወለድ እጅግ የታወቀ ደራሲ ነው። «ዲስክወርልድ» ብሎ የሰየመው ዓለሙ እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ ሲሆን፣ በአራት ዝሆኖች ጀርባ ላይ ተቀምጧል፤ ዝሆኖቹም በጠፈር ውስጥ በምትዋኝ በአንዲት ግዙፍ ኤሊ ላይ ቆመዋል። ደራሲው በ2015 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ ስለዚሁ ዓለም 41 ልብ ወለዶች ጽፏል፤ መጻሕፍቱም ከ80 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠዋል።

እንዲህ ያለውን ዓለም መቶ ሰው በሚይዝ አዳራሽ ውስጥ፣ ያለ ገንዘብ፣ ያለ ሠለጠነ ተዋናይ እናሳያለን ብሎ መነሣት የእብደት ያህል ሊቈጠር ይችላል። ሆኖም የቴአትሩ ታሪክ ራሱ ለዚህ ድፍረት መልስ ይሰጣል። አንድ መስፍን ንጉሡን ገድሎ ዙፋኑን ይይዛል። የሟቹ ሕፃን ልጅ በሦስት ጠንቋዮች እጅ ይገባና ለተዘዋዋሪ የቴአትር ተጫዋቾች በአደራ ይሰጣል። መስፍኑ ሕዝቡ እንዳልወደደው ባየ ጊዜ ወታደር ከመጨመር ይልቅ ሌላ ዘዴ ያስባል፤ እርሱን የሚያሞግስ፣ ጠንቋዮቹን የሚያጠለሽ ተውኔት አስጽፎ በአደባባይ ያስጫውታል። ሕዝብ በመድረክ ያየውን እውነት ብሎ ይቀበላል፤ ታሪክም በዚያው ተጽፎ ይቀራል ብሎ ተማምኗል። በመጨረሻ ግን በጠንቋዮቹ አስማት ተዋንያኑ የተሰጣቸውን ቃል ትተው የተፈጸመውን ግድያ እንደነበረ ይጫወቱታል፤ መስፍኑም በገዛ መድረኩ ይጋለጣል።

የሼክስፒርን «ማክቤዝ» የሚያውቅ ተመልካች ምንጩን ያገኘዋል፤ የማያውቀውም ቢሆን ነገሩ አያመልጠውም። ቧልቱ ከላይ ነው፤ ከሥር ያለው «ሥልጣን ተረትን ሲገዛ ምን ይሆናል?» የሚል ከባድ ጥያቄ ነው። ሰምና ወርቅ ላደገበት ሕዝብ ይህን ማብራራት አያስፈልግም።

አሁን የአዳራሹንና የፈቃዱን ነገር እንመልከት። አዳራሹ ትንሽ ቢሆንም አለ፤ ይህ የመጀመሪያው በር ነው። ሁለተኛው በር የተከፈተው ደራሲው የማይታወቅ የአማተር ማኅበር መጽሐፉን ወደ መድረክ እንዲያወጣው በመፍቀዱ ነው። ብሪግስ በሚቀጥለው ዓመት «ሞርት» የተባለውን፣ ሞት ራሱ አንድ ወጣት ደቀ መዝሙር አድርጎ ስለ መቅጠሩ የሚናገረውን መጽሐፍ ለመድረክ አዘጋጀ። ሁለቱ ተውኔቶች በ1996 ታትመው ወጡ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ከዚያ በኋላ በልዩ ልዩ አገር የሚገኙ አማተሮች ጽሑፉን እየገዙ፣ ለትርኢቱ ፈቃድ እየጠየቁና ተገቢውን እየከፈሉ ይጫወቱታል። ብሪግስም ከደራሲው ጋር ተባብሮ የዚያን የተረት ዓለም ትልቋን ከተማ ካርታ በ1993፣ ዓለሙን በዝርዝር የሚያስተዋውቅ መጽሐፍ ደግሞ በ1994 አወጣ። እንግዲህ ደራሲው ስለፈቀደ ምን ጐደለበት? አንባቢ አገኘ፤ ማኅበሩ ተውኔት አገኘ፤ ሌሎች የማይታወቁ ማኅበሮችም ዝግጁ ጽሑፍ አገኙ።

ተረት ለአማተር ለምን ይስማማል?

አስቂኝ ተረት ለሲኒማ ሰሪ እጅግ ውድ ነው። ኤሊና ዝሆን፣ የሚበር ሰው፣ ከመቃብር የሚነሣ ንጉሥ ለማሳየት መሣሪያና ባለሙያ፣ ከሁሉም በላይ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ለትንሽ መድረክ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። አንዲት ተዋናይ ወደ ፊት ወጥታ «እነሆ አሥራ አምስት ዓመት አለፈ» ብትል አሥራ አምስቱ ዓመት ያልፋል። ነጠላ የተከናነበ ሰው «እኔ የሞተው ንጉሥ ነኝ» ቢል ንጉሥ ነው። ተመልካቹ ጎድሎ ያየውን በራሱ ሐሳብ ይሞላዋል፤ እንዲያውም የነጠላው ተራነት ራሱ ሣቁን ይጨምረዋል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ውል ከሕፃንነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ማታ ምድጃ ዳር «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብለን ስንመልስ፣ ያያቶቻችንን የጅብ ድምፅና የጦጣ ብልጠት ያለ ልብስና ያለ መብራት ለማየት ተስማምተናል ማለት ነው። አያት ጅብ ለመሆን የጅብ ቆዳ አላስፈለጋቸውም። ስለዚህ አስቂኝ የተረት ቴአትር ከውጭ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የምድጃውን ዳር ጨዋታ ወደ መድረክ ማዛወር ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የሰው ብዛት ነው። የተረት ተውኔት አጫጭር ሚናዎች ይበዙበታል፤ ዘበኛ፣ ገበያተኛ፣ ቀበሮ፣ መንፈስ፣ ዛፍ ሳይቀር ይናገርበታል። ከዚህ የተነሣ ጡረተኛው፣ ተማሪዋ፣ ልብስ ሰፊው ሁሉ የሚይዘው ቦታ ያገኛል። አራት መስመር ብቻ የሚናገር ሰው ቤተ ሰቡንና ጐረቤቱን ይዞ ይመጣል፤ አዳራሹም በዚሁ ይሞላል።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉ ይበልጣል፤ እርሱም ነጻነት ነው። የባለሙያው እንጀራ በመግቢያው ትኬት ላይ ነው። አዳራሹ ባዶ ከሆነ የቤት ኪራዩ ይጐድላል፤ ስለዚህ ተመልካች የለመደውን ደግሞ ደጋግሞ ማቅረብ ሊገደድ ይችላል። አማተር ግን እንጀራው በሌላ ሥራ ስለሆነ ያልተሞከረውን ለመሞከር ይደፍራል። ቢያስቅ ደስ ይለዋል፤ ባያስቅ ነገ ጠዋት ወደ መደበኛ ሥራው ይሄዳል።

ይህ ሁሉ አዲስ ግኝት አይደለም። አሪስቶፋኒስ የተባለው የጥንት ግሪክ ገጣሚ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ405 «እንቁራሪቶች» የተባለውን ኮሜዲ ሲያቀርብ አቴና ከስፓርታ ጋር ባደረገችው ረጅም ጦርነት ልትሸነፍ ተቃርባ ነበር። በተውኔቱ ውስጥ አንድ አምላክ ጥሩ ገጣሚ ፍለጋ ወደ ሙታን አገር ይወርዳል፤ በመንገድም እንቁራሪቶች ይዘምሩበታል። በኅብረት የሚዘምሩትና የሚጨፍሩት ሰዎች ተራ የከተማይቱ ዜጎች ነበሩ፤ ለልምምዳቸውም ወጪውን የሚሸፍነው አንድ ባለጠጋ ነበረ፤ ይህም እንደ ዜግነት ግዴታ ይቈጠር ነበር። በዚያ ሁሉ ቧልት መካከል ተውኔቱ ቁም ነገር አነሣ፤ በቀድሞው ሁከት ተሳስተው መብታቸው የተገፈፈ ዜጎች ይማሩ፣ አገሪቱም ልጆቿን ሰብስባ ትዳን ሲል መከረ። በዚያው ውድድር አንደኛ ወጣ፤ ለዚህ ምክሩም ዳግመኛ እንዲታይ ተደረገ። በእንቁራሪት ጩኸት መካከል የተነገረ ምክር ተሰማ ማለት ነው።

የኛ የመጀመሪያው ቴአትር

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ብዙ ሰው የማያስታውሰው ነገር ቢኖር፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ራሱ አስቂኝ የተረት ቴአትር መሆኑ ነው። ደራሲው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ከዐድዋ ድል በኋላ በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሄደው በጦር ትምህርት ቤት የተማሩ፣ ኋላም የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ ኢጣልያ በወረረችን ጊዜ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው የተሟገቱ ሰው ናቸው። እኚህ ሰው በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ተውኔት ጽፈው በአዲስ አበባ በቴራስ ሆቴል መኳንንቱ ባሉበት አሳዩ። ከፈረንሳዊው ላፎንቴን ተረቶች ፈለግ በመነሣት አውሬዎቹን አናገሩ፤ በአውሬዎቹም አፍ የአስተዳደሩን ጉድለትና የሹማምንቱን ብልሹነት ነቀፉ።

እንግዲህ በሩን በሩን እንቈጥር። አዳራሽ ነበረ፤ የሆቴል አዳራሽ ቢሆንም ይበቃ ነበር። ደራሲው ራሳቸው አዘጋጅ ስለሆኑ የፈቃድ ችግር አልነበረም። ሙያዬ ተዋናይነት ነው የሚል ሰው በአገሩ ባልነበረበት ጊዜ የተጫወቱት ሰዎች በሙሉ የዛሬውን ቃል ብንጠቀም አማተሮች ናቸው። የተዘጋው ሦስተኛው በር ነው። ከተመልካቾቹ መካከል ነገሩ የገባቸው ነበሩና ተቈጡ፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተውኔቱ ታገደ። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» የሚል ሕዝብ፣ ምሳሌው በመድረክ ላይ ቆሞ ሲናገር ማየት ያን ጊዜ ከበደው።

ጉዳቱ የአንድ ምሽት ትርኢት መቅረት ብቻ አይደለም። የአማርኛ ቴአትር እንደገና ራሱን ቀና ያደረገው በ1920ዎቹ መጀመሪያ፣ እንደ ዮፍታሔ ንጉሤና እንደ መላኩ በጎሰው ያሉ ሰዎች በትምህርት ቤቶች ዙሪያ ሲነሡ ነው። እነዚህም ተማሪዎችን ይዘው የሠሩ ናቸውና ቴአትራችንን ከሞት ያነሡት አማተሮች ናቸው ማለት ይቻላል። በ1927 ዓ.ም. የጠላት ወረራ ሲያሰጋ የተቋቋመው ማኅበርም ስሙ «የሀገር ፍቅር» ተባለ። አማተር ማለት ለፍቅሩ የሚሠራ ማለት ከሆነ፣ ከዚህ የተሻለ ስም ሊገኝ አይችልም ነበር። ሆኖም ዳግም የተወለደው ቴአትር ባመዛኙ የግብረ ገብ ምክርና የአርበኝነት ቅስቀሳ ነበረበት፤ የ«ፋቡላ» ልጅ የሚባል፣ አውሬን እያናገረ ባለሥልጣንን የሚያስቅ ተውኔት ግን ተተኪ ሳያገኝ ብዙ ቆየ። ኋላም በንጉሠ ነገሥቱና በደርግ ዘመን ተውኔት ከመታየቱ በፊት በምርመራ ማለፍ ነበረበት።

የዛሬው ሁኔታ

ሕጉ ዛሬ ሌላ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ29ኛው አንቀጽ የቅድሚያ ምርመራን በማናቸውም መልኩ ከልክሏል፤ በ41ኛው አንቀጽም መንግሥት ለኪነ ጥበብ መስፋፋት አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት ይናገራል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ደግሞ ሥራን ወደ ሌላ መልክ የመለወጥና በሕዝብ ፊት የማቅረብ መብት የደራሲው መሆኑን ደንግጓል። እንግዲህ የአንድ ትምህርት ቤት ክበብ የሚወደውን ልብ ወለድ ወደ ተውኔት ሊለውጥ ቢያስብ ደራሲውን ወይም ወራሾቹን መጠየቅ አለበት። ይህ ትክክል ነው፤ ደራሲ በሥራው ሊጠቀም ይገባዋል። ነገር ግን ሕጉ መብቱን ለደራሲው ሰጠ እንጂ በሩን ዝጋ አላለውም። ለነጋዴ አንድ ዋጋ፣ ለተማሪዎችና ለሰፈር ወጣቶች ደግሞ አነስተኛ ዋጋ ወይም ነጻ ፈቃድ መስጠት በደራሲው እጅ ነው። የአቢንግደን ታሪክ እንደሚያሳየው ይህ ልግስና ብቻ ሳይሆን ጥቅምም አለው።

ደራሲ መጠየቅ የሚያስቸግረው ክበብ ቢኖርም አያቶቹ የነገሩት ተረት አለለት። ጅብና አህያ፣ አንበሳና ጦጣ ዛሬም ሥራ አልፈቱም። በመሥሪያ ቤት ወረፋ፣ በቤት ኪራይ፣ በታክሲ ሰልፍ ላይ አህያንና ጅብን አቁመን ብናናግራቸው የሚሉት አያጡም።

«ሣቅ ከሆነ የሚፈለገው በየስልኩ ሞልቷል» የሚል ሰው እንዳለ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ በቲክቶክና በዩቲዩብ አጫጭር ቧልት እንደ ጉድ ይፈስሳል፤ ከሠሪዎቹም ብዙዎቹ ጥሩ አማተሮች ናቸው። ነገር ግን የስልኩ ሣቅ የብቻ ሣቅ ነው፤ አንዱን በአንድ ደቂቃ ስቀን ወደ ሌላው እናልፋለን። በአዳራሽ ውስጥ ግን ባለሱቁና ደንበኛው፣ መምህሩና ተማሪው፣ ሹሙና ባለጉዳዩ ጎን ለጎን ተቀምጠው በአንድ ነገር ይሥቃሉ። ሹሙ በጅቡ ሲሥቅ ባለጉዳዩ ያየዋል፤ ባለጉዳዩም በአህያው ሲሥቅ ሹሙ ያየዋል። ከዚያ በኋላ በሚቀጥለው ሰኞ በመስኮቱ ግራና ቀኝ ሲገናኙ ነገሩ ፍጹም አይለወጥም ይሆናል፤ ነገር ግን ስለ አንድ ጉድለት በአንድ ቋንቋ ለመነጋገር ጀምረዋል።

«የአማተር ሥራ ጥራት የለውም» የሚለውም ተቃውሞ በከፊል ልክ ነው። ቃሉን የሚረሳ፣ ጀርባውን ለሕዝብ ሰጥቶ የሚናገር፣ ከመጠን በላይ የሚጮህ ተዋናይ እናያለን። መድኃኒቱ ግን አማተሩን ከመድረክ ማውረድ ሳይሆን ባለሙያውን ወደ አማተሩ ማቅረብ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በቴአትር ጥበባት ተማሪዎችን ሲያሠለጥን ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። ከነዚህ ምሩቃን አንዱ በወር ሁለት ቅዳሜ ከአንድ የሰፈር ክበብ ጋር ቢውል ሁለቱም ይጠቀማሉ፤ ክበቡ ሙያ ያገኛል፤ ምሩቁም በገንዘብ ሳይሆን በብልሃት የሚሠራ መድረክ ያገኛል።

የቀረው የአዳራሹ ነገር ነው። በከተማችን አዳራሽ መከራየት ደመወዝ ለሌለው ማኅበር የሚቻል አይደለም። ሆኖም ሰፋፊ የትምህርት ቤት አዳራሾች ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ተቈልፈው ያድራሉ፤ የወጣት ማዕከላትና የወረዳ መሰብሰቢያ ክፍሎችም ስብሰባ በሌለበት ቀን ባዶ ናቸው። መቶ ወንበር ያለው ክፍል፣ ሁለት አምፖልና ቁልፉን በኃላፊነት የሚይዝ አንድ ሰው ለመነሻ ይበቃል። የአቢንግደኑም ማኅበር ከዚህ ብዙ የሚበልጥ መድረክ አልነበረውም።

ሦስተኛውን በር ግን በቁልፍ መክፈት አይቻልም። ሕግ ምርመራን ሊከለክል ይችላል፤ በመድረክ ላይ ያለው ጅብ እኔን ይመስላል ብሎ የሚቈጣን አለቃ ግን ሣቅ ብሎ ሊያዝዘው አይችልም። የአዳራሹን ቁልፍ የያዘው ሰው እርሱ ከሆነ ደግሞ ተውኔቱን በአዋጅ ማገድ አያስፈልገውም፤ «አዳራሹ ተይዟል» ማለት ይበቃዋል። በ1913ቱ ጊዜ የ«ፋቡላ» ተመልካቾች ስቀው ወደ ቤታቸው ቢሄዱ ኖሮ፣ አገራችን የሚያስቅና የሚያርም የቴአትር ልማድ ከብዙ ዓመት በፊት በያዘች ነበር። ተቈጡና የተነቀፈው ጉድለት እዚያው ቀረ፤ የጠፋው ተውኔቱ ብቻ ሆነ።

ስለዚህ የትምህርት ቤት ኃላፊዎች አዳራሹን፣ ደራሲዎቻችን ፈቃዱን፣ በሥልጣን ላይ ያሉትም ትዕግሥቱን ቢያዋጡ፣ የሚቀረውን ወዳዶቹ ራሳቸው ይሠሩታል። ተረቱ በየቤታችን ሞልቷል፤ የሚጫወቱትም ልጆች በየሰፈሩ አሉ፤ ለጅቡም ነጠላ አይጠፋለትም።